በአሥራ ዘጠኝና በሃያ መካከል

ጉንቮር ሞየን ሃያ ስድስት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድታለች። ኦልስቮል በምትባለው የኖርዌይ ገጠር ወረዳ የትኛው ልጅ የቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ እንደሚጠብቃት፣ የትኛው ቦርሳውን ረስቶ እንደሚመለስ፣ የትኛው ጠመዝማዛ በበረዶ ጊዜ እንደሚከዳ ታውቅ ነበር። ዓይኗ ከዳር ወደ መሀል መጥበብ ሲጀምር ግን ለማንም አልተናገረችም። መጀመሪያ የጨለመባት ማምሻውን ነበር፤ ቀጥሎ በቀንም ከግራና ከቀኝ ያለው ነገር ጠፋ። ዓለምን በቧንቧ ውስጥ እንደምታይ ሆነች። አንድ ዓመት ሙሉ አንገቷን ወዲህና ወዲያ እያዞረች፣ የጎደለውን በልማድ እየሞላች ነዳች።

አንድ ቀን ጠዋት ከበግ አርቢው አርንፊን እርሻ በታች ባለው ፌርማታ ልትቆም ስትጠጋ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች በአንድ ድምፅ ጮኹ። ፍሬኑን ረገጠች። ከፊት ጎማው አጠገብ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ቆማ ነበር፤ ጉንቮር ጨርሶ አላየቻትም። ልጅቷ አልተነካችም። ጉንቮር ሞተሩን አጥፍታ፣ ቁልፉን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ወረደች፤ ከዚያ በኋላ መሪ ጨብጣ አታውቅም። ሰው ሲጠይቃት «ዓይኔ ነው» ትላለች እንጂ ስለዚያ አንድ ዓመት አታነሳም። ከእንቅልፏ የሚያባንናት የዓይኗ መጥፋት አልነበረም፤ እያወቀች ዝም ማለቷ ነበር።

ይህ ታሪክ በሆነበት መኸር ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። የቀራት ብርሃን መስኮትን ከግድግዳ ለመለየት ብቻ ይበቃል። ከትምህርት ቤቱ መንገድ ዳር ባለች ትንሽ የእንጨት ቤት ብቻዋን ትኖራለች። በየጠዋቱ ነጭ ዘንጓን ይዛ፣ ፔርሙዟን በጀርባዋ አዝላ፣ ሩብ ሰዓት ተጉዛ አርንፊን ጫካ ትደርሳለች። እዚያ የገመዱ መንገድ አለ።

መንገዱን የወለደው የወረዳው የዓይነ ስውራን ማኅበር ነው። ሰባት አባላት ብቻ ያሉት ማኅበር ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ ጽፎ፣ ዘጠኝ ዓመት «ጫካ ለእናንተ አደገኛ ነው» ተብሎ፣ በመጨረሻ ተፈቀደለት። አርባ ስምንት ካስማዎች ተተከሉ፤ ከካስማ ካስማ በወገብ ልክ ገመድ ተዘረጋ። ገመዱ ላይ አንድ ቋጠሮ ካለ አግዳሚ ወንበር ቀርቧል፤ ሁለት ከሆነ መንገዱ ይታጠፋል፤ ሦስት ከሆነ ድልድይ ነው። በየካስማው አናት ቁጥሩ በብሬል ተቀርጿል። መንገዱ ከሜዳው አፋፍ ተነስቶ በጥዶቹ መሀል ቁልቁል ይወርዳል፤ ጅረቱን ይሻገርና በማዶ በኩል ዞሮ ይመለሳል። ሰዉ እየሄደ ሙጫ የሚያነባውን ግንድ ይዳስሳል፤ የዱር እንጆሪ ለቅሞ ይቀምሳል፤ በትልቁ የጉንዳን ኩይሳ ላይ መሐረብ ጣል አድርጎ ያነሳና ያሸታል፤ እንደ ኮምጣጤ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ በሰው ክንድ ተይዞ ብቻ የተራመደ ሽማግሌ እዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሄዶ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጉንቮር አጠገቡ ነበረች።

ገመዱን ከዳር እስከ ዳር የቋጠረችው እሷ ናት። በየሁለት ካስማ መሀል ገመዱ አንድ ስንዝር እንዲረግብ አድርጋ ነው ያሰረችው፤ የያዘውን ሰው እንዳይሸሸው፣ እንዳይጎትተውም። እጇ ያንን ስንዝር ያውቀዋል።

ወሬው ሲወጣ ከሩቅ ከተማ ሳይቀር በአውቶቡስ የሚመጡ በዙ። ወረዳውም ኩራት ተሰማውና ከመንገዱ መነሻ አጠገብ፣ ልክ ከቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ሊሠራ ተነሳ። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ የጭነት መኪኖች ከሌላ ቦታ የተቆፈረ አፈርና ድንጋይ እያመጡ ይደፉ ጀመር። ጉንቮር ከታች ከጥዶቹ መሀል ሆና ትሰማቸዋለች። ጭነቱ ሲናድ ድምፁ በጆሮዋ ይመጣል፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ በጫማዋ በኩል ሌላ ነገር ይመጣል፤ አልጋ ጫፍ ላይ ከባድ ሰው ሲቀመጥ በሌላው ጫፍ የተኛው የሚሰማው ዓይነት። ዝናቡም በዚያው ሰሞን ጀመረ፤ ሦስት ሳምንት አላባራም።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ጠዋት ቁልቁል ስትወርድ ከአሥራ ዘጠነኛው ካስማ ቀጥሎ ገመዱ እጇን ወደ ላይ ያነሳው መሰላት። ገመዱ አልረገበም። በጣቷ ነካ ስታደርገው እንደ ጊታር ክር ድምፅ ሰጠ። አንድ ሰው ነካክቶታል ብላ ፈታችው፤ እንደገና ስንዝሩን ለክታ አሰረች። በሳምንቱ ስትዳስሰው እንደገና ተወጥሯል።

የጫካው ባለቤት የአርንፊን ቤት ከአፋፉ ዳር ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከአርባ በጎቹ ጋር ብቻውን ይኖራል። ጉንቮርን እስካሁን «ሾፌር» እያለ ነው የሚጠራት። እንጨት ሲፈልጥ አገኘችው።

«አርንፊን፣ ገመዴን የነካ ሰው አይተሃል?»

«በጎቼን ጠይቂያቸው። እኔ በዚህ ዝናብ የት እወጣለሁ?»

«አሥራ ዘጠኝና ሃያ መሀል ተወጥሯል። ፈትቼ አላልቼው ነበር፤ ደግሞ ተወጠረ።»

«ዝናብ ነዋ፣ ሾፌር። ገመድ ሲረጥብ ያጥራል። እናቴ የልብስ ማስጫዋን በዝናብ ጊዜ ታላላው ነበር።»

«የእናትህ የቃጫ ነው። የኔ ናይለን ነው። ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል እንጂ አያጥርም።»

መጥረቢያው ቆመ። ጉንቮር የሚቀጥለውን ምት ጠበቀች፤ አልመጣም።

«እንግዲያው ልጆች ናቸው» አለ አርንፊን ቆይቶ።

«ልጆች ቢሆኑ ቋጠሮዬን ባገኘሁት አልነበረም። ቋጠሮው የኔ ነው፤ አልተነካም። የሸሸው ካስማው ነው።»

«ካስማ እግር አለው እንዴ?» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ግን አጠረባት። «ሂጂ፣ ቡናሽ ሳይበርድ ጠጪ።»

ከዚያ ወዲህ ጉንቮር ጫካውን በሌላ ጆሮ መስማት ጀመረች። ድልድዩ ጋ ስትደርስ ጅረቱ ድምፁን ቀይሯል፤ ድሮ በድንጋዮቹ መሀል ይንጫጫ የነበረው አሁን ወፍራም ነገር እንደሚውጥ ሰው ሆኗል። ጎንበስ ብላ እጇን ብትነክር ውሃው ያሙለጨልጫል፤ በጣቶቿ መሀል የላመ ጭቃ ቀረ። ሽታው የተዘጋ ምድር ቤት ሽታ ነበር። ከድልድዩ በላይ ባሉት ካስማዎች መሀል ደግሞ ገመዱ ጨርሶ ረግቦ መሬት ነክቷል። ላይ ይወጠራል፣ ታች ይረግባል። አግዳሚ ወንበሩ ላይ የፔርሙዙን ክዳን ስታስቀምጥ ተንሸራትቶ ወደቀባት። ነፋስ በሌለበት ቀን ከጥዶቹ ሥር አንድ ነገር ጧ አለ፤ ቆይቶ ደግሞ አንድ ጊዜ።

ቤቷ ገብታ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ በሁለት ማንኪያዎችና በአንድ ክር አስመስላ ሞከረችው። ላይኛውን ማንኪያ አቆመች፤ ታችኛውን ወደ ራሷ ሳበች። ክሩ ተወጠረ። ሃያኛው ካስማ ከነመሬቱ ወደ ጅረቱ እየወረደ ነው ማለት ነው።

ወረዳው ጋ ደወለች። የእግር መንገዶች ኃላፊ የሆነችው ሲልየ የምትባል ወጣት ናት፤ ቅን ልጅ ናት፤ በማግስቱ ቦት ጫማዋን አድርጋ መጣች። ጉንቮር ከካስማ ካስማ መራቻት።

«ጉንቮር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ምንም አይታየኝም» አለች ሲልየ። «ሣሩ እንዳለ ነው፤ ዛፎቹም እንዳሉ ናቸው። ስንጥቅ ቢኖር ይታይ ነበር።»

«አትይ። እጅሽን አምጪ።» ጉንቮር የልጅቷን መዳፍ ይዛ በተወጠረው ገመድ ላይ አሳረፈች። «አሁን ነይ፣ ታችኛውን ያዢ። ሁለቱንም እኩል ነው ያሰርኩት።»

ሲልየ ገመዱን ደግማ ጨበጠች። «መሐንዲሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። እነግረዋለሁ።»

«በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ግን የማቆሚያው ምርቃት ነው። ሠላሳ ሰው ይመጣል።»

«አውቃለሁ። ግን ገመድ ተወጠረ ብዬ ምርቃት ሰርዙ ብላቸው ምን ይሉኛል? እርስዎ ራስዎ ይንገሩኝ።»

«አፈር መድፋቱንስ?»

«እሱ የኔ ክፍል አይደለም» አለች ልጅቷ፤ ድምፅዋ ወደ ታች ወረደ።

ማታውን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦስሙንድ ደወለላት። ኦስሙንድ ከተወለደ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሬዲዮ ሲጠግን የኖረ፣ አንደበተ ስለታም ሰው። ያ ዘጠኝ ዓመት የደብዳቤ ጦርነት የእሱ ነበር።

«ወረዳው ጋ ደውለሽ መንገዳችን አደገኛ ነው አልሽ አሉ።»

«መሬቱ እየተንቀሳቀሰ ነው ነው ያልኩት።»

«እነሱ የሚሰሙት ያንን አይደለም። የሚሰሙት ‹ዓይነ ስውሮቹ ራሳቸው ፈሩ› የሚለውን ነው። አንዴ ከተዘጋ ማን ይከፍተዋል? አንቺ አርባ ዓመት አይተሽ ኖረሻል፤ ጫካው አዲስሽ አይደለም። እኔ ጥድ ምን እንደሆነ በስልሳ ዓመቴ ነው የዳሰስኩት።»

 የሚለው ሁሉ እውነት ነበር። ስልኩን ከዘጋች በኋላም እጇ መሳሪያው ላይ ቀረ። ምናልባት ፈርታ ይሆናል። ምናልባት ያ የአውቶቡሱ ጠዋት ነው እስከ ዛሬ የሚያስደነግጣት። ግን ያን ዓመትም ለራሷ የምትለው ይህንኑ ነበር፤ «ምናልባት ደክሞኝ ይሆናል» ትል ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ጫካው ሄደች። በካስማ ሃያ ላይ ያለውን ቋጠሮ ፈትታ ገመዱን በካስማው ላይ ባለው የብረት ቀለበት ውስጥ አሳለፈችና ትርፉን ጫፍ አንጠለጠለች፤ መሬቱ ቢለጠጥ ጫፉ ወደ ውስጥ ይሳባል። ማክሰኞ አንድ ጣት ተሳበ። ረቡዕ አንድ ጣት። ሐሙስ ሁለት። የጭነት መኪኖቹ ሐሙስ ዕለት የመጨረሻውን ድንጋይ ደፍተው ሄዱ። ዓርብ ጠዋት ስትለካው በአንድ ሌሊት የተሳበው አንድ መዳፍ ሙሉ ነበር፤ ቆማ እጇን ካስማው ላይ እንዳደረገች ደግሞ ከውስጡ አንድ ቀጭን መንዘር መጣ፤ ከሩቅ መኪና እንደሚያልፍ። መንገዱ ላይ መኪና አልነበረም።

በቀጥታ አርንፊን ጋ ወጣች። በሩን ሲከፍት ሰላም እንኳ አላለችውም።

«አያትህ የወፍጮ ቤቱን ሰዎች ነገር ይነግሩህ ነበር አይደል?»

አርንፊን ወንበር ሳበላት። ለራሱ ግን ቆሞ ቀረ።

«መሬቱ የዋጣቸው ሰባት ሰው ነበሩ» አለ። «እዚህ ታች፣ አሁን ድልድዩ ካለበት ትንሽ ወረድ ብሎ። አያቴ ልጅ ነበር። ሕያው ጭቃ ይሉታል። ዝም ስትይው እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው፤ ቤት ይሸከማል፣ ጫካ ይሸከማል። ከተረበሸ ግን እንደ እርጎ ይፈሳል። ከሰባቱ ያገኙት አንዷን ብቻ ነው። አባቴ በዚህ ቤት ስለሱ እንዲወራ አይፈቅድም ነበር።»

«ስለዚህ ታውቅ ነበር።»

«ምን አውቃለሁ? መሐንዲሶች አይተውታል አሉኝ። እነሱ የሚያውቁትን እኔ በግ ጠባቂው አላውቅም ልበል?» የግድግዳውን ሳንቃ በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ቤቴ ነው፣ ጉንቮር። ሰባ አንድ ዓመት የኖርኩበት።»

በስሟ ሲጠራት ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነበር ማለት ይቻላል።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ ጉንቮር ቢላዋ ይዛ መንገዱ መነሻ ላይ ደረሰች። ከመጀመሪያው ካስማ ጀመረች። ገመዱን ቆረጠች፤ ወደ ሁለተኛው ሄዳ ቆረጠች፤ ወደ ሦስተኛው። እስከ አሥረኛው ድረስ በየሁለቱ ካስማ መሀል እየቆረጠች፣ ገመዱን በክርኗ ላይ እየጠቀለለች ወረደች። በራሷ ጣቶች የቋጠረቻቸው ቋጠሮዎች በእጇ ሲያልፉ አወቀቻቸው። አሥረኛው ላይ ቆመች፤ ከዚያ ወዲያ ለመውረድ ፈራች።

አውቶቡሱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ዘንጎች አዲሱን ጠጠር ሲመቱ፣ ሰዎች ሲሳሳቁ፣ ሲልየ ሁሉንም በስም እየጠራች ስትቀበል ተሰማ። ጉንቮር መግቢያው ላይ ቆማ፣ ገመዱን ትከሻዋ ላይ እንደ ተሸከመች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«መንገዱ ተዘግቷል። ገመዱን ቆርጬዋለሁ። ቁልቁለቱ እየሄደ ነው፤ የቆማችሁበትም ጭምር። ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ።»

ሳቁ ቆመ። ከዚያ ኦስሙንድ የዘንጉን ጫፍ እየመታ እስከ ፊቷ ድረስ መጣ።

«ቆረጥሽው?»

«ቆረጥኩት።»

«ዘጠኝ ዓመት፣ ጉንቮር። ዓይን ያላቸው ሰዎች ያላደረጉብንን አንቺ አደረግሽብን።»

«ኦስሙንድ፣ ለዓርብ አጥቢያ በአንድ ሌሊት አንድ መዳፍ ሄዷል።»

«እኔ ያለ ገመድም እወርዳለሁ። ዘንግ አለኝ። የሚከተለኝ ይከተለኝ» አለና በአጠገቧ ሊያልፍ ትከሻው ነካት። ከኋላው ሌሎች ዘንጎችም ተንቀሳቀሱ። ጉንቮር ክንዱን ያዘችው፤ አስለቀቃት።

ያኔ ከወደ እርሻው የትራክተር ድምፅ መጣ። ትራክተሩ ቀስ ብሎ መጥቶ በመግቢያው ላይ አግድም ቆመና ሞተሩ ጠፋ። አርንፊን ወረደ።

«ደህና አደራችሁ። ጫካው የኔ ነው፤ ማንም አይገባም።»

«አንተም አመንካት?» አለ ኦስሙንድ።

«የምድር ቤቴ ግድግዳ ዛሬ ጠዋት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አገኘሁት። እጄ ይገባበታል። ማየት ለምትችሉት ላሳያችሁ እችላለሁ፤ ለማትችሉትም ላስዳስሳችሁ እችላለሁ። ግን ከዚህ ራቅ ብለን ብናወራ ይሻለኛል።»

ሲልየ ስልኳን አውጥታ ራቅ ብላ ስታወራ ጉንቮር ሰማቻት። ሰዎቹ ወደ አውቶቡሱ ተመለሱ። ኦስሙንድ የመጨረሻው ነበር፤ ከመውጣቱ በፊት ዞር ብሎ «ምንም ካልሆነ ስምሽን ከማኅበሩ እፍቃለሁ» አላት።

ቅዳሜ ምንም አልሆነም። እሑድም ምንም አልሆነም። የወረዳው ሰዎች ሰኞ ጠዋት ቢጫ የመከለያ ጥብጣብ ዘርግተው፣ መሐንዲሱ ሐሙስ ይደርሳል ብለው ሄዱ። ሱቅ ውስጥ ጉንቮር ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ገንዘብ ተቀባይዋ «የሆነ ነገር ሰማሽ እንዴ ዛሬ?» ብላ ስትጠይቃት ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጉንቮር ዳቦዋንና አይቧን ይዛ ወጣች። ዝናቡ ቆሞ ነበር። ሰማዩ ጠርቷል አሉ ሰዎች፤ ፀሐይ ፊቷ ላይ ስታርፍ ተሰማት። ያ ጥሩ አየር ከዝናቡ ይልቅ አስፈራት።

አርንፊንን ወደ እሷ ቤት እንዲመጣ ለመነችው። «የሰው አፍ አትፈሪም?» አላት። ግን ከሰኞ ጀምሮ በጎቹን ጥቂት ጥቂት እየጫነ ማዶ ወዳለው ዘመዱ ማመላለስ ጀመረ።

ማክሰኞ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ጉንቮር ወጥ ቤቷ ውስጥ ድንች ትልጥ ነበር። መጀመሪያ ማቀዝቀዣው ዝም አለ፤ መብራት ጠፍቷል ማለት ነው። ቀጥሎ የተቆለለ ማገዶ እንደሚናድ ያለ ድምፅ መጣ፤ ማገዶው ግን አላልቅ አለ። ግንዶች ነበሩ የሚሰበሩት፣ አንድ በአንድ ሳይሆን በመቶ። ወለሉ ከእግሯ ሥር ለዘብ ብሎ ተንቀጠቀጠ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ብርጭቆዎች ተነካኩ። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አታውቅም። ከዚያ ቆመ።

በሩን ከፍታ ወጣች። የተቆረጠ ጥድና የምድር ቤት ሽታ ተደባልቆ ደጃፏ ድረስ መጥቷል። ቆማ አዳመጠች። የጎደለ ነገር ነበር፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ፈጀባት። ሃያ ዓመት ከደጃፏ የምትሰማው ጅረት የለም።

ወደ አደጋ ጊዜው ስልክ ደወለች። «የአርንፊን ጫካ ተንዷል» አለች። «ስሙኝ፤ ጅረቱ ቆሟል። ጭቃው ገድቦታል ማለት ነው። ውሃው ከኋላው እየተጠራቀመ ነው። ከታች ሁለት ቤቶች አሉ፤ አንዱ ሕፃናት ያሉበት ነው። አሁኑኑ አስወጧቸው።»

ስልክ ያነሳው ሰው «ያዩትን ይንገሩኝ» አላት።

«ምንም አላየሁም። የነገርኩህን አድርግ።»

ከዚያ አርንፊን ጋ ደወለች። አይጠራም። እንደገና ደወለች። ዘንጓን ይዛ ወጣች።

በመንገዱ ጥግ ጥግ እየሄደች አስፋልቱን ትመታለች። በየጠዋቱ የምትሄድበት መንገድ ነው፤ እርምጃዋን አትቆጥረውም፣ እግሯ ያውቀዋል። የአርንፊን የፖስታ ሳጥን፣ ከዚያ የአጥሩ መጀመሪያ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ስሙን ጠራች። ድምፅዋ ከጥዶቹ ተመልሶ ይመጣ ነበር፤ አሁን ግን ሄዶ ቀረ። ፊቷ ላይ ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ቀዝቃዛ አየር ተሰማት። ዘንጓን ወደፊት ዘረጋች። ዘንጉ ምንም አልመታም።

ዝቅ አደረገችው። ምንም። እስከ እጀታው ድረስ ዝቅ አደረገችው፤ ጎንበስ አለች። ከታች ከሩቅ አንድ ነገር ሲንሸራተት፣ ውሃ ሲንጠባጠብ ሰማች። ከጫማዋ ጫፍ ሥር ትንሽ የአስፋልት ቁራጭ ተቆርሳ ሄደች፤ ስትወድቅ ድምፅ አላሰማችም።

«አትንቀሳቀሺ» አለ ከኋላዋ የአርንፊን ድምፅ፤ በጣም ዝግ ብሎ፣ በግ ለመያዝ እንደሚጠጋ ሰው። «እግርሽን ሳታነሺ ወደ ኋላ ጎትቺው። ግራውን። እንደሱ። አሁን ቀኙን። ደግሞ ግራውን።»

እጁ የካፖርቷን ቀበቶ ያዘ፤ ከዚያ ክንዷን። እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ወሰዳት። እዚያ ሲደርሱ ለቀቃት።

«የመጨረሻዎቹን አምስት በጎች አድርሼ እየተመለስኩ ነበር» አለ። «ቤቴን ፈልጌ አጣሁት። መንገዱ ጠፍቶኝ ነው ብዬ ወደ ኋላ ዞሬ ነበር፤ ታምኛለሽ? የራሴን ቤት መንገድ የተሳሳትኩ መስሎኝ።»

«የለም?»

«የለም። ሜዳው የለም፣ ማቆሚያው የለም፣ ጫካው የለም። ታች ጥዶቹ ጭቃ ላይ ተንሳፍፈው አሉ፤ አንዳንዶቹ ቀጥ እንዳሉ ቆመዋል።»

ከታች ያሉት የሁለቱ ቤቶች ሰዎች ውሃው ግድቡን ሰብሮ ከመውረዱ ግማሽ ሰዓት በፊት ወጥተው ነበር። የሞተ ሰው የለም። ከወራት በኋላ የወጣው ሪፖርት አፋፉ ላይ የተደፋው አፈር ቁልቁለቱን እንደ ጫነው፣ ጅረቱም ሥሩን እንደ በላው ይገልጻል። በአንድ መስመር ላይ «ከአንድ ነዋሪ የቃል ጥቆማ ደርሶ ነበር» ይላል። ሲልየ ያንን መስመር ለጉንቮር በስልክ አነበበችላት።

ኦስሙንድ በታክሲ መጣ። ወጥ ቤቷ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን ዳቦ ሳይነካ፣ «ያን ቀን የያዝሽኝን ክንድ አስለቅቄሽ ነበር» አለ። «ሠላሳ ሰው ይዤ ነበር የምገባው።» ጉንቮር የቡናውን ሲኒ በእጁ አስያዘችው። ሲወጣ ደጃፉ ላይ ቆሞ በድንገት «ያ የጉንዳኑ ኩይሳስ?» ብሎ ጠየቃት። «ሄዷል» አለችው። ራሱን ሲነቀንቅ የኮቱ አንገትጌ ተንኮሻኮሸ።

አርንፊን ከተማው መሀል ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተሰጠው። በጎቹን ሸጠ። ከላይ የሚኖሩት ሰዎች እርምጃ እንደሚረብሸው፣ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ውስጥ የሚወርደው ውሃ እንቅልፍ እንደሚነሳው ይነግራታል። በየጠዋቱ ይደውላል።

ጉንቮር ከዚያ ወዲህ ያለባት ችግር አንድ ነው፤ ፍርሃቷን ከመሬቱ መለየት አቃታት። ማቀዝቀዣው ሲነሳ የወለሉ መንቀጥቀጥ ይመስላታል፤ የወለሉ መንቀጥቀጥም ማቀዝቀዣው ይመስለኝ ይሆናል ብላ ደግሞ ትሰጋለች። በየጠዋቱ ጓሮዋ ላይ ቆማ በጫማዋ ታዳምጣለች። ጅረቱ አዲስ ቦይ አውጥቶ እንደገና ይፈሳል፤ አሁን ወደ እሷ ቤት ቀረብ ብሎ ነው የሚሰማት።

በመጋቢት አንድ ጠዋት አርንፊን ሲደውል «ዛሬስ ምን ይላል?» አላት።

«ዝም ብሏል።»

«ዝም ሲል ነው የማልወደው። ነይ እዚህ፣ ሾፌር። ከእኔ በታች ያለው ክፍል ባዶ ነው።»

«ፀደይ ይግባና እናያለን» አለችው።

ሐሙስ ዕለት የወረዳው ሰዎች ሕያው ጭቃው እስከ የት እንደሚደርስ ለማወቅ መሬት የሚሰረስሩበትን መኪና ይዘው መጡ። በትምህርት ቤቱ መንገድ ላይ በየሃምሳ ሜትሩ እየቆሙ ሰረሰሩ። ጉንቮር ደጃፏ ላይ ቆማ ሰማቻቸው። ከቀትር በኋላ ሞተሩ ቀረብ አለ፤ ከዚያ የአትክልቷ አጥር በር ጋ ደርሶ ቆመና አንድ ሰው በትሕትና መግባት ይችሉ እንደሆነ ጠየቃት።